ልጄን የሚፈልግ ወደ ቤቴ ይምጣ

ሳንታ ማሪያ፣ ካሊፎርኒያ
ኦክቶበር 12 ቀን 2003

ለተከበሩ አክስቴ ለናቲቪዳድ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ ጉልበትዎም ሳይከዳዎ እንዲያገኝዎ እመቤታችንን እለምናለሁ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባቴና እናቴ እጅ ነስተዋል። ወንድሞቼ ኢሳኤልና ቤቶ ጫማ ሲጨርሱ እንጂ ሲያድጉ አይታዩም፤ እነሱም ሰላም ብለዋል።

የእንጆሪው ለቀማ እያለቀ ነው። አባቴ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ስለሚውል ማታ ወገቡ ቀና እስኪል ጊዜ ይፈጅበታል። ይህን እንደጻፍኩ ግን እንዳይነግሩብኝ፤ ደህና ነኝ በይልኝ ብሎ ነው ያዘዘኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ራሴ ነው። በዚህ ዓመት ትምህርት ቤት እጨርሳለሁ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ውጤቴን አይታ ለአንድ ኮሌጅ እንዳመለክት መከረችኝ። ኮሌጁ ያለው በአገሩ ሌላኛው ጫፍ፣ በረዶ የሚወርድበት ቦታ ነው። ከሚያመለክተው ሰው የሚቀበሉት ጥቂቱን ነው። የተቀበሉትን ግን፣ አቅም ከሌለው፣ ከምግብ እስከ መኝታ ችለው ያስተምሩታል። ከቤታችን ኮሌጅ የገባ የለም። ከአገር ልጆች መሐልም የገባ ሰው አላውቅም፣ ስለዚህ እንዴት ነው የሚደረገው ብዬ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

አባቴ ኮሌጅ መግባት እንደምፈልግ ያውቃል። የት እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። እዚሁ ከተማችን ገበያው አጠገብ ያለው ይመስለዋል።

ማመልከቻው ላይ ‘ወላጆችሽ እስከ ስንተኛ ክፍል ተምረዋል?’ የሚል ጥያቄ አለ። አባቴን ስጠይቀው ‘ሰው ሆኛለሁ፣ አይበቃም?’ አለኝና ወጣ። እናቴ ደግሞ ‘አክስትሽን ጠይቂ’ አለች። እባክዎ ይንገሩኝ። ሌላም ስለ ቤተሰብሽ ጻፊ ይላል። ሦስት ምሽት ተቀምጬ ምንም አልወጣልኝ አለ። እኛ እንሠራለን፣ እንበላለን፣ እንተኛለን፤ ምኑ ይጻፋል?

የቤትዎን ጣሪያ ቆርቆሮ አባቴ አልረሳውም። ትንሽ ይታገሡን።

እግርዎን የምስመው የወንድምዎ ልጅ
ኦፌልያ


ሳን ሲሞን ዩኩኒኒ፣ ዋሃካ
ኖቬምበር 9 ቀን 2003

በአካል አይቼሽ ለማላውቅ፣ በፎቶ ብቻ ለምስምሽ ለኦፌልያ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጠባቂያችን ሳን ሲሞን በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ባርኔጣዬን እሠራለሁ። ዘንባባው ጣቴን ይበላል፣ ነጋዴው ደግሞ ባርኔጣውን በነጻ ሊወስድብኝ ምንም አልቀረው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለሙታን ቀን አበባ ስንለቅም ነው። ወስጄ አያቶችሽ መቃብር ላይ አነበብኩላቸው። የልጅ ልጃችሁ በረዶ አገር ልትሄድ ነው አልኳቸው። ዝም አሉ። አባቴ በሕይወት እያለም ቢሆን በሴት ልጅ ነገር መልስ ለመስጠት አይቸኩልም ነበር።

አሁን ጥያቄሽን ልመልስ። አባትሽ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ነው። ሦስተኛን እንደጀመረ አስተማሪው በዝናቡ ጊዜ ወደ ከተማ ወረደና በዚያው ቀረ። አባትሽ ክሪሶፎሮም ሌላ አስተማሪ እስኪመጣ ብሎ ሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ሄደ፣ እሱም በዚያው ቀረ። እናትሽ የትምህርት ቤቱን ደጅ የምታውቀው በዚያ ስታልፍ ነው። እኔ ሦስተኛን ጨርሻለሁ፤ በቤታችን የተማርኩት እንግዲህ እኔ ነኝ ማለት ነው። ይህንንም ጻፊላቸው፣ እንዳይንቁን።

ሁለተኛ ክፍል ብለሽ ስትጽፊ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ። ስለ ቤተሰብሽ ጻፊ ካሉሽም ያለውን ጻፊ። ያልነበረ አያት ፈጥረሽ እንዳታስቂብን።

ለአባትሽ ግን ንገሪው። የት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ ንገሪው። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ከሰው ኋላ የሰማውን ነገር ለመዋጥ ዓመት ይፈጅበታል። ካንቺ አፍ ይስማው።

ስለ ቆርቆሮው፣ ዝናቡ አልፏል። ከተቻለ ግን ከፋሲካ በፊት ይሁን፤ ከአልጋዬ በላይ ያለው ቀዳዳ ሰማይ ያሳያል።

አክስትሽ
ናቲቪዳድ


ሳንታ ማሪያ
ጃንዋሪ 25 ቀን 2004

ለአክስቴ ለናቲቪዳድ፣

እንደምን ከረሙ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም በጤና አለን። ከጤና ሌላ ግን ደህና ነን ማለት አልችልም።

ማመልከቻውን በዲሴምበር መጨረሻ ላክሁት። ለአባቴም እርስዎ እንዳሉኝ ነገርኩት። ምግቡን ጨረሰ፣ እጁን ታጠበና ‘ማንን ልከው ጠየቁ?’ አለ። ‘ማንም አይልክም፣ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ’ አልኩት። ግንባሩን ቋጠረ።

ከገና በኋላ አንዲት ሴትዮ ደወሉልኝ። ወይዘሮ ዊትኮም ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፣ ባሕሩ አጠገብ ያለችው ከተማ ነው የሚኖሩት። ኮሌጁ ድሮ ያስተማራቸውን ሰዎች በየአገሩ እየላከ አመልካቹን ያነጋግራል፤ እሳቸውም ያነጋገሩትን ጽፈው ይልካሉ። ቤተ መጻሕፍት እንገናኝ አሉኝ። ይህን ለአባቴ ስነግረው ፊቱ በራ። ‘እንዲህ ነው እንጂ’ አለ። ‘ልጄን የሚፈልግ ወደ ቤቴ ይምጣ።’ እያፈርኩ ነገርኳቸው፣ ደስ ይለኛል ብለው እሑድ ሊመጡ ቀጠሩ።

እናቴ ከዋዜማው ጀምራ የበዓል ወጣችንን፣ ሞሌውን፣ ስትሠራ አደረች። አባቴ ነጩን ሸሚዙን ለበሰ። ከጎረቤት ወንበር ተበደረ። ዶን ኤፒፋንዮን፣ እዚህ ካሉት የአገራችን ሰዎች ሁሉ ሽማግሌውን፣ ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠ። ሴትዮዋ ከእንግሊዝኛ ሌላ አያውቁም፣ አባቴ የመንደራችንን ቋንቋ ነው የሚናገረው፣ መሐል ላይ እኔ ተቀመጥኩ። በየቢሮው በየሐኪም ቤቱ ከልጅነቴ ጀምሮ የማስተረጉመው እኔ ስለሆንኩ ለማንም አዲስ አልነበረም።

ወይዘሮዋ ‘ልጅዎ ጎበዝ ተማሪ እንደሆነች ሰምተናል፤ ወደ ኮሌጃችን ብትመጣ ምን ይላሉ?’ ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩ። አባቴ መሬት መሬት እያየ ‘ይህች ልጅ ምንም አታውቅም’ አለ። ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። ‘ሰነፍ ናት። ድስት ጥደሽ ጠብቂ ቢሏት ታሳርራለች። ሰው ቤት ገብታ የምታሳፍረን ናት። ሌላ ቤት ቢሄዱ የተሻለች ልጅ ያገኛሉ። እኛም ልንሰጣት አላሰብንም።’ ዶን ኤፒፋንዮ ራሱን እየነቀነቀ ‘እውነት ነው፣ እውነቱን ነው’ ይላል።

አስተርጓሚ የሰውን ቃል አይለውጥም። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ አለቃው የሰደበውን ስድብ አለስልሼ ብነግረው ሲቆጣኝ ዋለ። ስለዚህ አንድም ሳላስቀር ሁሉንም ተረጎምኩላቸው፣ ድስቱን ጭምር። ወይዘሮዋ ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ደብተራቸውን ከደኑ። ሞሌውን በልተው፣ አመስግነው ሄዱ። አባቴ መኪናቸው ድረስ ሸኝቷቸው ተመለሰ። ደስ ብሎት ነበር፣ አክስቴ። ‘ጥሩ ሴት ናት’ እያለ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። ሲጠራኝ እሄዳለሁ፣ ያዘዘኝን አደርጋለሁ፣ ቃል ግን አይወጣኝም። እናቴን ብጠይቃት ‘አባትሽ የሚያደርገውን ያውቃል’ አለችኝ። ፊት ለፊት አትሄጂም ቢለኝ ኖሮ አለቅስና ይወጣልኝ ነበር። እንግዳ ፊት አስቀምጦኝ፣ ያውም በገዛ አፌ፣ ሰነፍ ናት አሰኘኝ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ከእርስዎ በቀር የሚነግረኝ የለም።

ኦፌልያ


ሳን ሲሞን ዩኩኒኒ
ማርች 14 ቀን 2004

ለልጄ ለኦፌልያ፣

እመቤታችን ልብሽን ታሳርፍልሽ። ዘገየሁብሽ። ደብዳቤ የሚያመላልሰው መኪና ተበላሽቶ ነው ልልሽ ነበር፤ ዋሽቼሽ ምን አገኛለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ጎረቤት መጥታ ምን ሆንሽ እስክትለኝ ሳቅኩ፤ ድስት ታሳርራለች የሚለውን አባቴ ከመቃብር ተነስቶ የተናገረው ነው የመሰለኝ። ኋላ ሳቁ ለቀቀኝና እጄ ለመጻፍ እምቢ አለ። ጀምሬ የቀደድኩት ብዙ ነው።

ስሚኝ። አባትሽ አልከለከለሽም። እንደ ወጉ ነው ያደረገው። እዚህ ሴት ልጅ ስትጠየቅ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁ የከበደችው ነው ይባላል። ስለዚህ ሰነፍ ናት፣ ታሳርራለች፣ ሌላ ቤት ሂዱ ይላል። አብዝቶ የሚወዳትን አብዝቶ ነው የሚሰድባት። ሽማግሌዎቹም ያውቁታል፤ ‘እኛም የምታሳርር ነው የጠፋብን’ ብለው ዳቦና ቸኮላት ይዘው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ቀን እናስብበት ይባላሉ። በሦስተኛው ትሰጣለች። አባትሽ ያቺን ሴትዮ ከኮሌጁ የተላከች ሽማግሌ አድርጎ ነው የተቀበላት። ያን ያህል የሰደበሽ፣ ልጄ፣ ለንግሥት የሚገባ ስድብ ነው።

አንቺ እዚያ ተወልደሽ ይህን ማን ነግሮሽ። እሱ ታውቃለች ብሎ፣ አንቺ ናቀኝ ብለሽ፣ አንድ ቤት ውስጥ ተኮራርፋችሁ ትበላላችሁ።

አሁን ለማንም ያልጻፍኩትን ልጻፍልሽ። እኔም ተጠይቄ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለ፣ በበዓል ጥሩምባ የሚነፋ ልጅ ነበር። እናት አባት ስላልነበረው የላከው ሽማግሌ አሠሪው ነው፣ የከተማ ሰው። አባቴ እንደ ወጉ ሰደበኝ። እኔ በር ኋላ ቆሜ አፌን ይዤ እስቅ ነበር። ሰውዬው ግን ወጉን አያውቅም፣ እውነት መሰለው። ሄዶ ‘አይሰጡህም፣ ልጅቷም አትረባም’ አለው። ሁለተኛ የመጣ የለም። ዝናብ እስኪገባ ድረስ በየማለዳው ግቢውን እየጠረግኩ ጠበቅኩ። አባቴን ሰው ላክባቸው ለማለት አልደፈርኩም። እሱም እያየኝ የሴት ልጅ አባት አይለምንም ብሎ ተቀመጠ። ልጁ በዓመቱ ሌላ አገባ። ክብራችንን ግን ጠበቅን። ክብሩም እስካሁን እዚህ ቤት አለ፣ አብሮኝ ባርኔጣ ይሠራል።

ያቺ ሴትዮ ሁለተኛ አትመጣም። በእሷ አገር ሰው አይሆንም ካለ አይሆንም ነው። ይህን ደብዳቤ ለአባትሽ አንብቢለት፣ የኔን ነገር ሳታስቀሪ። እህትህ ተነስና ሂድ ብላሃለች በይው። ቆርቆሮ ምናምን የሚል ወሬ አልፈልግም፤ መጀመሪያ ይሂድ።

አክስትሽ
ናቲቪዳድ


ሳንታ ማሪያ
ኤፕሪል 18 ቀን 2004

ለውድ አክስቴ፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰው ከኮሌጁ መልስ በኋላ ነው። መልሱ እሺም እምቢም አይደለም። ተጠባባቂ ነሽ፣ ቦታ ከተገኘ እናሳውቅሻለን ይላል። በዚያ በኩል የሚገባ በጣም ጥቂት ነው ብላኛለች አማካሪዋ። ካልሆነ እዚሁ ገበያው አጠገብ ያለው እገባለሁ፣ ቀን ቀን እንጆሪ ማሸጊያው ቤት እየሠራሁ።

እራት ላይ፣ ትምህርት ቤት በተማሩት ቋንቋ የጻፉትን ደብዳቤዎን ወደ እኛ ቋንቋ እየመለስኩ ለአባቴ አነበብኩለት። ስለ ራስዎ የጻፉት ላይ ስደርስ ማንኪያውን አስቀመጠ። ‘እህቴ ይህን ነግራኝ አታውቅም’ አለ። አንብቤ ስጨርስ ‘እኔኮ ሁለተኛ እስኪመጡ እየጠበቅኩ ነበር’ አለ።

አክስቴ፣ ከጃንዋሪ ወዲህ አባቴ እሑድ መሥራት ትቶ ነበር። እሑድ ለሚሠራ ጭማሪ አለው። እሱ ግን ደጁን ጠርጎ፣ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ደከመው ወይም ሰነፈ ብዬ በልቤ ፈረድኩበት። የተበደረውንም ወንበር አልመለሰም፤ ጎረቤታችን ስትጠይቅ ‘ትንሽ ቀን ተዪልኝ’ ይላታል። እኔ ናቀኝ ብዬ ሳኮርፍ እሱ ሊድረኝ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀምጦ መንገድ ያይ ነበር። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቀው አላወቅኩም፣ ሄጄ ሸሚዙን ተኮስኩለት።

ቅዳሜ ሄድን። አባቴ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ከዚህ ከተማ አይወጣም። ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ፖሊስ እያስቆመ ይጠይቃል፣ ከዚያ ያልተመለሱ ሰዎች እናውቃለን። እናቴ ‘ዶን ኤፒፋንዮ ይሂድልህ’ ብላ ለመነችው። ‘ልጅቷ የማን ናት?’ አላት። እኔ መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ነዳሁ። እሱ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ከኋላ ዳቦ በቅርጫት፣ ቸኮላት፣ እግሯ የታሰረ ተርኪ ዶሮ ጭነናል። ወይዘሮ ዊትኮም በር ከፍተው ተርኪዋን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ‘ምኗን አመማት?’ ብለው ነው።

አባቴ ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥ አለ። ‘በአገሬ የሴት ልጅ አባት አይለምንም’ አለ። ‘እኔ ልለምን መጥቻለሁ። ያን ቀን ያልኩት ወግ ነው። እርስዎ ወጋችንን አያውቁም፣ እኔም እንደማያውቁ አላወቅኩም። የእኔ ጥፋት በልጄ ላይ እንዳይሆን።’ እየተረጎምኩ ወጉን ከራሴ ጨምሬ አስረዳኋቸው፣ ሽማግሌውን፣ ሦስቱን ጊዜ፣ ድስቱን። ወይዘሮዋ ቁጭ አሉ። ‘ቤተሰቡ ሊለቃት አይፈልግም፣ አባቷም አያምንባትም ብዬ ጽፌያለሁ’ አሉኝ። አላለሳለሱልኝም፣ እኔም ለአባቴ አላለሰለስኩለትም። ‘ዛሬውኑ እንደገና እጽፍላቸዋለሁ’ አሉ፤ ‘ዘግይቷል ግን፣ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም።’ ዳቦውንና ቸኮላቱን ተቀበሉን። ተርኪዋን ጓሮ ለቀቋት።

ስንመለስ መንገዱ ሰላም ነበር። አባቴ ከተማችን ስንደርስ ‘በደንብ ትነጃለሽ’ አለኝ። ስለ እኔ እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው።

እግርዎን እስማለሁ።
ኦፌልያ


ሳን ሲሞን ዩኩኒኒ
ጁን 6 ቀን 2004

ለኦፌልያ፣

ሰላም ለቤታችሁ ሁሉ ይሁን። የደብዳቤው መኪና ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለቴም ለኔ የሚሆን የለም አለኝ። ሹፌሩ አሁን ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል።

ወንድሜ ቆሞ ለመነ ያልሽበትን ቦታ ወረቀቱ እስኪሳሳ አነበብኩት። ለሰው አላሳየሁም። ሰው ምን ይላል ብዬ አይደለም፤ የኔ ስለሆነ ነው።

የመጣውን ወሬ ጻፊልኝ፣ ክፉም ይሁን ደግ። ክፉ ከሆነ ሂዱ ያልኩት እኔ ነኝ፣ በኔ ይመካኝ። አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ሴትዮዋ ደግ ይዛ ሁለተኛ ከመጣች፣ ወንድሜ ወጉን ላድርስ ብሎ ‘እናስብበት’ እንዳይላት። ግትር ነው። ይህን ፊት ለፊት ንገሪው ልልሽ ነበር፣ ግን አልልሽም፤ አባትን እንዲህ በል አይባልም።

ዝናቡ ጀምሯል። አልጋዬን ወደ ጥግ ስቤዋለሁ፣ ደረቅ ነው፣ አታስቡ።

ናቲቪዳድ


ሳንታ ማሪያ
ጁን 27 ቀን 2004

ለውድ አክስቴ ለናቲቪዳድ፣

እመቤታችን እርስዎን በጤና ትጠብቅልኝ። የዘገየሁት የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው። ሜይ አልፎ ምንም ሲጠፋ ማሸጊያው ቤት ገባሁ፣ ገበያው አጠገብ ባለውም ኮሌጅ ተመዘገብኩ። አባቴ እሑድ መሥራት ጀመረ። ወንበሩንም መለሰ። ስለ ኮሌጁ ማናችንም አናነሳም ነበር።

ባለፈው እሑድ ሥራ አልነበረም። አባቴ ከመኪናው ሥር ገብቶ ዘይት ሲቀይር ወይዘሮ ዊትኮም ደጃችን መጡ። በእጃቸው ከእኛው ሰፈር ዳቦ ቤት የገዙት ዳቦ አለ። አባቴ እጁ ጥቁር እንደሆነ ከመሬት ተነስቶ አያቸው፣ ዳቦውን አየ፣ ቤት ሮጦ ገባ። ነጩን ሸሚዝ ለብሶ ሲወጣ አንገቱ ላይ ዘይት ነበር። ቤቶን ዶን ኤፒፋንዮን ጥራ ብሎ ላከው። ወንበር ስላነሰን እኔ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ።

ወይዘሮዋ እኔን ሳይሆን አባቴን እያዩ ነው የተናገሩት። ‘ቦታ ተገኝቷል። መልስ የሚፈልጉት እስከ ረቡዕ ነው። ልጅዎን እንዲሰጡን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።’ ተረጎምኩ። ድምፄ ደህና ነበር። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

አባቴ ወደ ዶን ኤፒፋንዮ ዞረ። እርስዎ የፈሩትን እኔም ፈራሁ፣ ደብዳቤዎ ኪሴ ውስጥ ነበር። ዶን ኤፒፋንዮ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ‘በል እንጂ፣ እናስብበት በል’ አለው። አባቴ ‘አስቤበታለሁ’ አለ፣ ተነስቶም ቆመ።

ከዚያ ስለ እኔ ተናገረ። ሲጨርስ ወይዘሮዋ እንድተረጉምላቸው ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ። ያን ቀን ሰነፍ ናት ሲለኝ አንድ ቃል ያልጠፋብኝ ሰው፣ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው ማልቀስ ጀመርኩ፣ ባልዲው ላይ ተቀምጬ፣ ወንድሞቼ እያዩኝ። ወይዘሮዋ እጄን ይዘው ‘ተይው፣ ገብቶኛል’ አሉ። ምን እንደገባቸው እንጃ፣ ብቻ እሳቸውም ዓይናቸው ሞልቶ ነበር።

ኦገስት መጨረሻ እሄዳለሁ። አባቴ ወረቀት ስለሌለው ሊያደርሰኝ አይችልም፣ እስከ አውቶቡሱ ነው። የቆርቆሮው ገንዘብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሚመጣው ሰው በኩል ተልኮልዎታል፤ ማሸጊያው ቤት ከሠራሁት ነው፣ እንዳይቆጡኝ።

አስተርጓሚ የሰውን ቃል መሐል መንገድ ላይ ጥሎ አይቀርም። ለወይዘሮ ዊትኮም ያላደረስኩትን ለእርስዎ ላድርስ። በእኛ ቋንቋ፣ እንዳለው ነው የጻፍኩት። ብቻዎን ሲሆኑ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ወንድምዎ እንዲህ አለ፦

‘ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። እናቷ ምጥ ላይ ሆና ሐኪሙ የሚለውን ወደ እኛ ያመጣችልን በሰባት ዓመቷ ነው። ምን እንደምትል እንኳ አይገባትም ነበር፣ ግን አንድም ሳትጥል አመጣችው፣ ያ ልጅ ይኸው በሕይወት አለ። አለቃዬ ሲሰድበኝ የሰማሁት በእሷ አፍ ነው። አከራዩ ውጡ ሲለን በእሷ አፍ ነው። ክፉውም ደጉም ወደ ቤቴ የገባው በዚህች ልጅ አፍ ነው፤ ከበደሽ ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ዕድሜዋን በሙሉ የሰው ቃል ስታመላልስ የራሷን የሰማላት የለም። እኔም አባቷ አልሰማኋትም። የራሷን ወደምትናገርበት ቦታ ውሰዷት። ሰጥቻችኋለሁ።’

የወንድምዎ ልጅ
ኦፌልያ